ቅልጥም ሲሰበር፦ ዘንግ፣ ፕሌት ወይስ ቀለበት?

በ1756 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ኦልድ ኬንት በሚባለው መንገድ ላይ ከፈረስ ወደቀ። የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ፖት ግን ማንም እንዲያነሳው አልፈቀደም። በሚንገጫገጭ ሠረገላ መሄድ ስብራቱን እንደሚያብሰው ያውቃልና እዚያው እንደተጋደመ ሰው ልኮ አንድ የቤት በር ገዛ። ተሸካሚዎች ዘንጎቻቸውን በበሩ ላይ በምስማር መትተው እንደ ቃሬዛ ቤቱ አደረሱት። የተሰበሰቡት ሐኪሞች እግሩ እንዲቆረጥ ተስማሙ፤ መሣሪያውም ተዘጋጀ። መጋዙ ከመነሳቱ በፊት የቀድሞ አስተማሪው ኤድዋርድ ኖርስ ደረሰና እግሩ ሊድን ይችላል ብሎ ተከራከረ። እግሩ ተረፈ፤ ፖትም ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በሁለት እግሩ ሄደ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ይቆረጥ አይቆረጥ በሚል አይደለም። በምን ይታሰር? በመቅኔው ውስጥ ዘንግ ይግባ፣ በጎኑ ፕሌት ይለጠፍ፣ ወይስ ከውጭ በብረት ይያዝ? ወይስ ጭራሽ ሳይቀደድ በጄሶ ይቆይ? ሁሉም ደጋፊ አላቸው፤ ሁሉም ያዳኑት እግር፣ ሁሉም ያበላሹት እግር አለ።

ጥያቄው ከሌላው አጥንት ይልቅ እዚህ ላይ የሚከብደው ከአፈጣጠሩ የተነሳ ነው። ጭን በወፍራም ጡንቻ ተጠቅልሏል፤ ቅልጥም ግን በፊቱና በውስጥ ጎኑ ከቆዳ በቀር ልብስ የለውም። በጨለማ ከአልጋ ጠርዝ ጋር የተጋጨ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከረጃጅሞቹ አጥንቶች ሁሉ አብዝቶ የሚሰበረውም እሱ ነው፤ ሲሰበርም ሹል ጫፉ በቀላሉ ወጥቶ አፈር ይነካል። ደሙም እንደ ልብ አይደለም። ዋናው የደም ሥር ከኋላ በላይኛው ሲሶ ገብቶ በመቅኔው ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፤ የቀረው ደም አጥንቱን ከሸፈነው ልባስና ከዙሪያው ጡንቻ ይመጣል። ወደ ቁርጭምጭሚት ሲቀርብ ጡንቻው ጅማት ብቻ ይሆናል፤ ደሙም ይሳሳል። እንግዲህ ሐኪሙ የሚያስገባው ብረት አጥንቱን ሲያጠነክር ከሁለቱ የደም ምንጮች አንዱን መንካቱ አይቀርም። ዘንግ የውስጡን ይነካል፣ ፕሌት የውጩን። ከውጭ የሚታሰረው ብረት ሁለቱንም ይተዋል፤ ግን ቆዳው ላይ ለወራት ክፍት ቀዳዳ ይዞ ይኖራል።

አጠገቡ ያለችው ቀጭኗ ፊቡላ ብዙ አታከራክርም። የምትሸከመው ክብደት ጥቂት ስለሆነ የመሐል ስብራቷ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይተዋል። ቁርጭምጭሚት አጠገብ ስትሰበር ግን ጉዳዩ የመገጣጠሚያ ጉዳይ ይሆናል።

ከቢላ በፊት ወጌሻ ነበረ፤ ዛሬም አለ። በኢትዮጵያ ገጠር ብቻ ሳይሆን በከተማም ብዙ ሰው ከአደጋ በኋላ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሚያሸው፣ ወደ ሚጠግነው ሰው ነው። የወጌሻው መሠረታዊ ሐሳብ ስህተት የለበትም፦ አጥንቱን ቦታው መልስ፣ እንዳይነቃነቅ እሰር፣ ጊዜ ስጠው። አደጋው ያለው እስሩ ላይ ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ በሸምበቆና በጨርቅ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ እግር ግን ማበጫ ቦታ የለውም። ደም ይቋረጣል፣ ጣቶች ይጠቁራሉ፣ በጄሶ ሊድን ይችል የነበረ እግር በጋንግሪን ይቆረጣል። አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በ2005 በብሪታንያው የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ ለወጌሾች የተሰጠ ሥልጠና በዚህ ሰበብ የሚቆረጡትን እግሮች እንደቀነሰ አሳይተዋል። ወጌሻውን ከመክሰስ ይልቅ ማስተማር ያዋጣል ማለት ነው።

ደግሞም ይህ የወጌሻ ችግር ብቻ አይደለም። የቅልጥም ጡንቻዎች በማይለጠጥ ስስ ሽፋን ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸው፤ ስብራቱ ራሱ ሲደማና ሲያብጥ፣ ምንም እስር ሳይኖር፣ ውስጡ ያለው ግፊት ደም እስከማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። ኤድንብራ ያሉ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ያወጡት መለኪያ እስካሁን ይሠራበታል፦ የታችኛው የደም ግፊት ቁጥርና በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት ልዩነት ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከወረደ ሽፋኑ ወዲያው ይቀደዳል። ራጅ ላይ እጅግ የተዋበ ብረት የገባለት እግር ይህ ምልክት ካመለጠ ይሞታል።

ጄሶ የወታደር ሐኪሞች ውለታ ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒየስ ማታይሰን በ1850ዎቹ መጀመሪያ በጄሶ ዱቄት የተነሰነሰ ፋሻ ሠራ፤ ሩሲያዊው ኒኮላይ ፒሮጎቭ ደግሞ በክራይሚያ ጦርነት ጄሶን በሰፊው ተጠቀመበት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኮሎምቢያ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው አውጉስቶ ሳርሚየንቶ ጉልበትን ነጻ የሚተው ማሰሪያ አመጣና ታካሚዎቹን ቶሎ እንዲረግጡ አደረገ። ክርክሩም ደፋር ነበር፦ ትንሽ መነቃነቅ አጥንትን አይጎዳም፣ እንዲያውም አዲስ አጥንት ያበቅላል። በ1995 ባሳተመው የ1000 ዝግ፣ ማለትም ቆዳ ያልቀደዱ፣ ስብራቶች ዘገባ ሳይገጥም የቀረው 1.1 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ብዙ የብረት ደጋፊዎችን ያሳፍራል። ሆኖም ሳርሚየንቶ መራጭ ነበር። ከመነሻው ብዙ ያላጠረ፣ ብዙ ያልተጣመመ፣ ቆዳው ያልተጎዳ ስብራት ነው የወሰደው። በሞተር ብስክሌት የተደቆሰ እግር በዚህ መንገድ አይድንም። ታካሚውም በየጊዜው እየተመላለሰ መታየት አለበት፤ ሆስፒታሉ የሁለት ቀን መንገድ ለሆነበት ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አጥንትን ቀዶ ብረት ማስገባት እንዲያው ሐሳቡ እንኳ የሚያስፈራ የነበረው በመግል ምክንያት ነው። ይህንን የለወጠችው ቀን ነሐሴ 12 ቀን 1865 ናት። ግላስጎው ውስጥ ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ በጋሪ ጎማ ተደፍጥጦ ቅልጥሙ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው አጥንቱ ገጥሞ፣ ሳያመረቅዝ ልጁ ዳነ። የዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ንጽሕና የጀመረው፣ ጉዳዩ ሲታሰብ ደስ ይላል፣ ከቅልጥም ስብራት ነው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተ። ሃምቡርግ ውስጥ ካርል ሃንስማን በ1886 የመጀመሪያዎቹን ፕሌቶች ዘገበ። ለንደን ላይ አርበትኖት ሌን በረጃጅም መሣሪያ ብቻ እየሠራ፣ ጣቱ እንኳ ቁስሉ ውስጥ እንዳይገባ እየተጠነቀቀ፣ ብረት ሲለጥፍ ኖረ፤ ብረቱ ግን በሰውነት ውስጥ ይዝግ ነበር። አንትወርፕ የነበረው አልቢን ላምቦት ቫዮሊን የሚሠራ ሰው ነው፤ መሣሪያውን ራሱ እየፈለሰፈ፣ የሙያውንም ስም ኦስቲዮሲንተሲስ ብሎ ያወጣው እሱ ነው። ሌላው ቤልጅየማዊ ሮበርት ዳኒስ በ1949 ባወጣው መጽሐፍ የተሰበሩት ጫፎች ክፍተት እስኪያጡ ድረስ ተጨምቀው ቢያዙ አጥንቱ ያለ ጉብታ፣ ቀጥታ ይገጥማል አለ። በሚቀጥለው ዓመት ወጣቱ ስዊስ ሞሪስ ሙለር ሊጎበኘው ሄደ፤ ያየውን ይዞም ተመለሰ። ኅዳር 6 ቀን 1958 ቢል በተባለች የስዊስ ከተማ 13 ቀዶ ሐኪሞች ተሰብስበው ኤኦ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ብሎኑም፣ መሰርሰሪያውም፣ ሥልጠናውም አንድ ወጥ ሆነ። እያንዳንዱ ታካሚ ከነራጁ ይመዘገብ ጀመር። ከማኅበሩ ብልሃቶች ሁሉ ትልቁ ይህ መዝገብ ሳይሆን አይቀርም።

የፕሌት መስበኪያ መድረክ ስዊስ መሆኗ ግን ትንሽ አሳስቷል። ሩዲና አልገወር በ1969 ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን፣ መገጣጠሚያ የሚገባውን ስብራት በፕሌት ሠርተው ግሩም ውጤት አሳዩ። ታካሚዎቻቸው በብዛት በበረዶ ሸርተቴ የወደቁ ነበሩ፤ እግር ይጠመዘዛል እንጂ አይደቆስም። ሌሎች ሐኪሞች ይህንኑ አሠራር ከመኪና ግጭትና ከፎቅ በወደቀ ሰው ላይ ወዲያው ሲሞክሩት ቆዳው ሞተ፣ ብረቱ ተጋለጠ፣ አጥንቱ መገለ፣ ያልታሰበ እግር ተቆረጠ። ትምህርቱ የመጣው ቆይቶ ነው። አሁን የተለመደው በሁለት ደረጃ መሥራት ነው፦ መጀመሪያ ከውጭ በሚታሰር ብረት ርዝመቱን መያዝ፣ ከዚያ እብጠቱ እስኪወርድና ቆዳው እስኪሸበሸብ አንድ ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ ከዚያ ብቻ ፕሌት ማስገባት። ያው ፕሌት ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ነው።

ፕሌቱም ቢሆን ቀስ በቀስ ትሕትና ተምሯል። የድሮው አሠራር አጥንቱን ከልባሱ ገፎ ብረት ይለጥፍ ነበር። አሁን በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ቆዳ ሥር አሾልኮ ማስገባት ይቻላል፤ የብሎኑ ጭንቅላት ከፕሌቱ ጋር በጥርስ ስለሚቆለፍ ብረቱ አጥንቱን መጫን እንኳ አያስፈልገውም። ለሳሳ አጥንትና ለመገጣጠሚያ አቅራቢያ ስብራት ይህ በረከት ነው። ዋጋው ግን ከተራው ፕሌት ይወደዳል፤ በውስጠኛው የቅልጥም ጎን ላይ ሲቀመጥም ከቆዳ ሥር ይዳሰሳል፣ በጫማ ይቆረቁራል።

ለመሐል ስብራት ግን ውድድሩን ያሸነፈው ዘንግ ነው። የዘንጉ አባት የጀርመኗ ኪል ከተማ ሐኪም ገርሃርድ ኩንቸር በ1939 በሰው ጭን ላይ ሠራው፤ በ1940 በርሊን ላይ ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ ብዙዎቹ መቅኔን ማጥፋት እብደት ነው አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት አገሮች ሐኪሞች ነገሩን ያወቁት በምርኮ ቆይተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ወታደሮች ራጅ ሲነሡ ነው፦ በጭናቸው ውስጥ ረጅም ብረት ተጋድሞ ታየ፤ ሰውየው ግን ይራመዳል! ቅልጥም ከጭን ይልቅ ተንኮለኛ ነው። በላይኛው በር ላይ ጉልበት ስለተቀመጠ ቀጥ ያለ ዘንግ አይገባም፤ በ1950 ሄርዞግ የተባለ ጀርመናዊ ዘንጉን ከላይ አጎበጠው። በ1970ዎቹ ደግሞ በሁለቱ ጫፎች አጥንቱንና ዘንጉን አቋርጦ የሚያልፍ ብሎን ተጨመረ። ከዚያ በኋላ የተሰባበረ አጥንት እንኳ አያጥርም፣ አይዞርም። ዘንጉ መሐል ለመሐል ስለሚቆም ክብደቱን ከአጥንቱ ጋር ይካፈላል፤ ታካሚውም ቶሎ ይረግጣል።

ጎልፈኛው ታይገር ዉድስ በየካቲት 2021 በመኪና አደጋ ቅልጥሙና ፊቡላው ብዙ ቦታ ተሰብረው፣ ቆዳውም ተቀዶ፣ በዘንግ ነበር የታሰረው፤ የቁርጭምጭሚቱ ስብራት በብሎንና በፒን ተይዟል። በ14ኛው ወር በማስተርስ ውድድር ላይ ኮረብታ እየወጣ አራቱንም ቀን ተጫወተ፤ ሲያነክስ ግን ሁሉም አየው።

ዘንጉን ከማስገባት በፊት መቅኔውን መሰርሰር ይገባል ወይ የሚለው ለዓመታት ያጣላ ነበር። መሰርሰር ወፈር ያለ፣ ጠንካራ ዘንግ ያስገባል፤ የውስጡን ደም ግን ያጠፋል። በ2008 የታተመው ስፕሪንት የተባለ ጥናት በካናዳ፣ በአሜሪካና በሆላንድ 1319 ሰዎችን መዝግቦ ለሁለቱ በዕጣ አከፋፈላቸው። ዝግ ስብራት ካላቸው መካከል ከተሰረሰረላቸው 11 በመቶው፣ ካልተሰረሰረላቸው 17 በመቶው ተጨማሪ ሕክምና ወይም ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ክፍት ስብራት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ከዚህ ጥናት የሚበልጠው ቁም ነገር ግን በጎን የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ አልገጠመም በሚል ሰበብ ከስድስት ወር በፊት ማንም ዳግም ቀዶ ሕክምና እንዳያደርግ ከልክለው ነበር፤ በዚህም የተነሳ ዳግም የተሠሩት ከተጠበቀው እጅግ ያነሱ ሆኑ። ቀደም ሲል በአራተኛው ወር ሐኪሙ ትዕግሥት አጥቶ ይቀደድ የነበረው እግር፣ ቢተው ኖሮ ብዙው ራሱ ይገጥም ነበር ማለት ነው።

የዘንጉ ዕዳ ጉልበት ላይ ይከፈላል። ዘንጉ የሚገባው ከጉልበት ሎሚ ሥር ጅማቱን ከፍሎ ወይም ገፍቶ ነው፤ ከተሠራላቸው ሰዎች ግማሽ ገደማው ከጊዜ በኋላ የጉልበት ፊት ሕመም እንደሚሰማቸው የተጠራቀሙ ጥናቶች ያሳያሉ። ሕመሙ የሚብሰው ደግሞ ሲንበረከኩ ነው። ለስቶክሆልም የቢሮ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ቅሬታ ሊሆን ይችላል። ለሚሰግድ፣ ለሚያርም፣ ቁጢጥ ብሎ ለሚጸዳዳ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። አሁን ከሎሚው በላይ፣ ጉልበቱ ጥቂት ብቻ ተጣጥፎ የሚገባ ዘንግ እየተለመደ ነው፤ በተለይ ከላይኛው ሲሶ ለተሰበረ አጥንት ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ይቀላል።

ከመሐል ወረድ ብሎ፣ ግን መገጣጠሚያው ሳይነካ የተሰበረ ቅልጥም ላይ ዘንግና ፕሌት ፊት ለፊት ይገናኛሉ። የመቅኔው ቦይ እዚያ ይሰፋልና ዘንጉ ይወላውላል፤ ቆዳው ደግሞ ይሳሳልና ፕሌቱ ያስጨንቃል። በእንግሊዝ 28 ሆስፒታሎች 321 ሰዎችን በዕጣ የከፈለ ጥናት በ2017 ውጤቱን አወጣ። በሦስተኛው ወር የዘንግ ታካሚዎች የተሻለ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ በስድስተኛው ወር ግን ልዩነቱ ጠፋ። ዘንጉ በዋጋ ይረክሳል። ፍርዱ እንግዲህ ለዘንጉ ያደላል፣ ግን በጠባብ ነጥብ። ፕሌት በደንብ የሚያውቅ ሐኪም ስለዚህ ጥናት ብሎ ያልለመደውን ዘንግ ቢያነሳ ታካሚው አይጠቀምም።

ሦስተኛው መንገድ ከሳይቤሪያ መጣ። ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ በኩርጋን አውራጃ የገጠር ሐኪም ሳለ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ እግርን የሚከቡ ቀለበቶችና በመስቀል የሚያልፉ የተወጠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ከብስክሌት ዕቃ የተሠሩ ነበሩ ይባላል። አጥንትን ቀስ እያሉ ሲያራርቁት በመሐሉ አዲስ አጥንት እንደሚበቅልም ደረሰበት፤ ልኩ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ነው፣ ያውም አራት ጊዜ ተከፍሎ። ሞስኮ ለረጅም ጊዜ አልሰማችውም። የሰማችው በቫሌሪ ብሩመል ነው። ብሩመል በ1964 የቶክዮ ኦሎምፒክ በከፍታ ዝላይ ወርቅ ያገኘ፣ 2 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር በመዝለል የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነበር። በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ደቀቀ፤ ለዓመታት ከአንዱ ቀዶ ሕክምና ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ በ1968 ኩርጋን ገባ። እግሩ ገጠመ፣ ርዝመቱም ተመለሰለት፤ ዳግመኛም ከሁለት ሜትር በላይ ዘለለ።

ምዕራቡ ደግሞ በአንድ ተራራ ወጪ በኩል አወቀው። ጣሊያናዊው ካርሎ ማውሪ የቆየ የእግር ስብራቱ በትክክል ሳይገጥም ሲያነክስ ኖሯል። በኖርዌያዊው አሳሽ በቶር ሄየርዳል የሸምበቆ ጀልባ ጉዞ ላይ የተዋወቀው የሶቪየት ሐኪም ወደ ኩርጋን ጠቆመው፤ በ1980 ሄዶ ታክሞ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። የጣሊያን ሐኪሞች በዓመቱ ኢሊዛሮቭን ቤላጆ ላይ ጋበዙት። የጋበዘው ስብሰባ አዘጋጅ የፕሌት ሰባኪው የኤኦ የጣሊያን ቅርንጫፍ መሆኑ ታሪኩን ያጣፍጠዋል።

ቀለበቱ ግን ለሁሉም አይደለም። ታካሚው ለወራት ብረት ለብሶ ይተኛል፤ ሱሪ መቀደድ፣ በየቀኑ ሽቦ የገባበትን ቀዳዳ ማጽዳት፣ ቀዳዳው ሲያመረቅዝ መድኃኒት መውሰድ የኑሮው አካል ይሆናል። ዋጋውን የሚያወጣው አጥንት ሲጎድል፣ ሲመግል፣ ወይም ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ነው። ተራው፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚታሰረው ውጫዊ ብረት ግን ሌላ ጸባይ አለው፦ በግማሽ ሰዓት ይገባል፣ ርካሽ ነው፣ ቁስሉን ለማየትና ለማጠብ ይመቻል። ስለዚህም በጦርነትና በድሃ ሆስፒታል ሁሉ የመጀመሪያ ተጠሪ ነው።

ቆዳ ቀዶ ለወጣ ስብራት ግን ይህ ተራ ብረት ከዘንግ ጋር ሲመዘንስ? መልሱ ከዳሬሰላም መጣ። በሙሂምቢሊ የአጥንት ሕክምና ተቋም የተሠራውና በ2020 የታተመው ጥናት ክፍት የቅልጥም ስብራት ያለባቸውን 240 ሰዎች በዕጣ ከፈለ። በዓመቱ መጨረሻ በሁለቱም ወገን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ በመመገል፣ ባለመግጠም ወይም በመጣመም ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት ነበር፤ አሳማኝ ልዩነት አልተገኘም። ዘንግ የገባላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሻለ ኑሮ ነበራቸው፣ አጥንታቸውም ቀጥ ያለ ሆነ። ይህ ለአፍሪካ ሐኪም ከኒውዮርክ ጥናት ሁሉ ይበልጣል፤ የታካሚው ዕድሜም፣ አደጋውም፣ ሆስፒታል የሚደርስበት ሰዓትም የራሱ ነውና።

እነዚህን ጥናቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በብረትና በብረት መካከል ያለው ልዩነት በየጊዜው ጠባብ ሆኖ ይገኛል። ሰፊው ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሉብልያናው ቀዶ ሐኪም ማርኮ ጎዲና በ1986 በ532 ሰዎች ላይ ያወጣው ዘገባ የተገለጠውን አጥንት በ72 ሰዓት ውስጥ በሥጋና በቆዳ መሸፈን መመገልን ወደ 1.5 በመቶ እንዳወረደው፣ ከዚያ ዘግይቶ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ የተሸፈነው ግን 17.5 በመቶ እንደ መገለ ያሳያል። ጎዲና በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ። በ2015 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በጣም ለከፋው ክፍት ስብራት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከ66 ደቂቃ በላይ ሲዘገይ መመገሉ እንደሚጨምር አገኘ። በዚያው ዓመት ከ2400 በላይ ሰዎችን የመረመረው ፍሎው የተባለ ጥናት ቁስሉን ለማጠብ ውድ የግፊት ማሽን እንደማያስፈልግ፣ ሳሙናም ከጨው ውኃ እንደማይሻል አረጋገጠ፤ እንዲያውም ሳሙናው ባሰ። የጨው ውኃ፣ ወቅቱን የጠበቀ መርፌ፣ ቶሎ የመጣ ቆዳ። ከእነዚህ አንዱም የብረት አምራች ካታሎግ ላይ የለም፤ ስብሰባዎች ላይ ስለ እነሱ የሚወራው ጥቂት መሆኑም አያስደንቅም።

የዋሽንግተን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረው የአሌክስ ስሚዝ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ኅዳር 18 ቀን 2018 በጨዋታ መሐል ቀኝ ቅልጥሙ ተጠምዝዞ ተሰበረ፤ ልክ በ33 ዓመት ልዩነት፣ በዚያው ቀን፣ የዚያው ቡድን አቀባይ ጆ ታይስማን እግሩ ተሰብሮ ነበር። (የሁለቱም ጨዋታዎች ውጤት 23 ለ 21 መሆኑ ለወሬኛ ይተው።) ታይስማን ዳግም አልተጫወተም። ስሚዝን ሊገድለው የቀረበው ስብራቱ ሳይሆን ሥጋ የሚበላው ኢንፌክሽን ነው። ጡንቻው እየተቆረጠ ተነሣ፤ እግሩ ከጉልበት በላይ እንዲቆረጥ ሁሉ ተመክሮ ነበር። በዓለም ውድ የሆነ ሕክምና፣ 17 ቀዶ ሕክምና፣ ለወራት የተሸከመው የውጭ ብረት፣ በሳን አንቶኒዮ ከቆሰሉ ወታደሮች ጋር የተደረገ ልምምድ። ጥቅምት 11 ቀን 2020 ወደ ሜዳ ተመለሰ።

ሁሉም ስሚዝ አይሆንም። በ2002 የታተመው ሊፕ የተባለ ጥናት በስምንት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ክፉኛ የተደቆሰ እግር የነበራቸውን 569 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታተለ። እግራቸው የተረፈላቸውና የተቆረጠባቸው በኑሮ ደረጃ ከሞላ ጎደል እኩል ሆኑ፤ ወደ ሥራ የተመለሰውም ከሁለቱም ወገን ግማሽ ገደማ ነው። ኖርስ ለፖት የተከራከረው ክርክር ዛሬም በአንዳንድ ክፍሎች ውስጥ አላለቀም። ጥሩ ሰው ሠራሽ እግር በማይገኝበት አገር ግን ሚዛኑ ወደ ማትረፍ ያጋድላል።

የቀረው የመሣሪያ ጥያቄ ነው። የተለመደውን ዘንግ ለማስገባት፣ በተለይ የታችኛውን ብሎን ቀዳዳ ለማግኘት፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሲ-አርም የሚባለው ራጅ ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ዘንግ የለም። በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ታካሚው ብረቱን ራሱ ገዝቶ ማምጣቱም የታወቀ ነው፤ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪያሰባስብ ሳምንት ይቆጠራል። በቬትናም ጦርነት ወቅት በውትድርና ሐኪምነት ያገለገሉት አሜሪካዊው ሉዊስ ዘርክል ይህንን ችግር በልባቸው ይዘው ቆይተው በ1999 በዋሽንግተን ግዛት፣ ሪችላንድ በተባለች ከተማ ሳይን የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ዘንጋቸው ድፍን ነው። ከውጭ ከዘንጉ ጋር ትይዩ የሚቆም ክንድ የብሎኖቹን ቦታ ያመለክታል፤ ሐኪሙ ቀዳዳውን በራጅ ሳይሆን በእጁ ስሜት ያገኘዋል። መሰርሰሪያው በእጅ የሚዞር ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ዘንጉ ለሆስፒታሉ በነጻ ይሰጣል፤ ክፍያው የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅ ወደ መዝገብ መላክ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ጨምሮ በኢትዮጵያ ያሉ ሐኪሞች ለዓመታት ሲሠሩበት ቆይተዋል።

በዚያ መዝገብ ውስጥ ከራጆቹ ጎን ሌላ ፎቶ ይቀመጣል። ታካሚው ገጥሞልኛል ብሎ ሲመጣ ሐኪሙ ቁጢጥ እንዲልና ፈገግ እንዲል ይጠይቀዋል፤ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ እግሩ ክብደት እንደሚችልና እንደማይችል፣ ፊቱ ላይ ሕመም እንዳለና እንደሌለ በአንድ ፎቶ ይታያል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ አንዳንዱ ክራንቹን ከጎኑ አጋድሞ፣ በየሆስፒታሉ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብለው ወደ ካሜራው ይስቃሉ።